በውሃ እንስራ የሄደ እህል

ጭልፋውን ያስረከብኩት ባለፈው የሚካኤል ዕለት ነው። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። የሰው ጣባ ስቼ ንፍሮውን መሬት ላይ ስገለብጥ ሁለት ጊዜ ታየሁ፤ ሦስተኛውን ሳልጠብቅ በቃኝ አልኩ። ሰው «አርጅተሻል» እስኪለኝ ድረስ መቀመጥ የለብኝም።

ይህን የሚጽፍልኝ ደብተራ «ከትውልድዎ ይጀምሩ» ይለኛል። ትውልዴ ለማን ምን ይረባል? አባቴ አራሽ፣ እናቴ ፈታይ፣ አገሬ አንኮበር። አለቀ። አንተ ደብተራ፣ ብራናህን ለዚህ አትጨርስ፤ ለቁም ነገሩ አስቀምጠው።

ቁም ነገሩ ሥራዬ ነው። የሰንበቴ መጋቢ ነበርኩ። በእኛ ደብር የሰንበቴ አባላት በየተራቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘው ደጀ ሰላም ይገባሉ። ካህኑ ይባርካል፣ አባላቱ ይቀምሳሉ፣ የቀረው ለነዳያን ነው። በመጨረሻም ካህኑ ጽዋውን አንስቶ ለሚቀጥለው እሑድ ተረኛ ያስረክባል። ጽዋ የተቀበለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። በአዘቦት ቀን ደግሞ አባላቱ ከሚያዋጡት እህል ንፍሮ እየተቀቀለ ለቸገረው ይታደላል። መጋቢዋ እህሉን ታስለቅማለች፣ ድስቱን ትጥዳለች፣ ትጨልፋለች፣ ተራ ትጠራለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን ማን ቤት እህል እንዳለቀ ሳይነግሯት ማወቅ ነው።

ደሞዜ በወር ሁለት ቁና ገብስ ነበር፤ ለፋሲካ ደግሞ አንድ ነጠላ። ፊደል ስለማላውቅ መዝገቤ ገመድ ነበር። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቋጠሮ አለው። ተራው የደረሰው ቋጠሮ ላይ አንዲት የወይራ ቁራጭ ትታሰራለች፤ በየሳምንቱ አንድ ቋጠሮ ትሄዳለች። ቋጠሮ የሚፈታው አባሉ ሲሞት ብቻ ነው፤ ያውም ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። ጎባጣ፣ ከሲታ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ መነኩሲት ነበሩ። ባሌ ሞቶ ልጅ አልባ ስቀር ነው የተጠጋኋቸው። ጉልበት አለኝ፣ እንባም አለኝ፤ ለምጽዋት ሥራ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየሁ፣ ከንፈሬን እየመጠጥኩ ስጨልፍ እማሆይ ጭልፋውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ፊቱን ምን አደረግሽው? ጣባውን እይ» አሉኝ።

የምቀበለው ትምህርት ያ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ እየደጋገሙ እንዲህ ይሉኝ ነበር፦ ጭልፋ ከታች ነው የሚወጣው፤ ከላይ ከላይ የቀዳሽ እንደሆነ ለፊተኛው ውሃ፣ ለኋለኛው እህል ትሰጫለሽ። ሰልፉን አንዳንድ ቀን ከጭራው ጀምሪ፤ ጉልበት ያለው ሁልጊዜ ፊት ነውና። ብዙ ቀን ላልበላ ሰው ዳቦ አትስጪ፣ ቀጭን የገብስ ሙቅ በትንሽ በትንሹ ነው። ከድስታችን ሥጋ አይገባም፤ ከአሊዩ አምባ በኩል የሚመጣው እስላምም የኛም ሰው ያለ ሐሳብ ከአንድ ድስት እንዲበላ። ምጽዋት የሚቀበለውን ሰው ደግሞ አንድ ነገር አስቸግሪው፤ «እስቲ ይቺን እንጨት ስበርልኝ»፣ «እስቲ ልጁን ያዢልኝ» በዪ። እማሆይ ማንንም ሳያስቸግሩ አይሸኙም ነበር። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌን በየቀኑ «ድስቱ ጨው በቅቶታል?» ብለው ያስቀምሱት ነበር። ሰውዬው ከድስቱ ፊት በቆመ ቁጥር የሰንበቴው ሹም የሆነ ይመስለው ነበር።

ይህ ሁሉ ደጅ ለሚመጣው ነው። እማሆይ ግን «ደጅ የመጣ ሰው ግማሹን ድኗል» ይላሉ። የሚያስፈራቸው የማይመጣው ነው። በእኛ አገር ይሉኝታ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ይሞታል እንጂ ጣባ ይዞ አይሰለፍም። ስለዚህ በየመንደሩ እየዞርን ቤት እናነብ ነበር። የአመዱ ቁልል ካልጨመረ እዚያ ቤት አልተጋገረም። ውሻው ሌላ ደጅ ካደረ ፍርፋሪ አጥቷል ማለት ነው። በጭስ ግን አትታለይ ይሉኝ ነበር። «ጭስ ማንም ያጨሳል። አፍንጫሽን ላኪው፤ ጭሱ ምግብ ምግብ ካልሸተተ ምድጃው ባዶ ነው።»

ለእንዲህ ያለው ቤት እህሉ የሚሄደው በውሃ እንስራ ነበር። እማሆይ ውስጡን ውሃ ነክቶት የማያውቅ ደረቅ እንስራ ነበራቸው። ገብሱን ይሞሉበታል፣ አፉን ውሃ እንዳይፈናጠቅ እንደሚደረገው በእርጥብ ቅጠል ይወትፉታል፣ ከዚያ ምንጭ ዳር ወርደው ውጪውን በውሃ ያርሱታል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሴቱ ሁሉ ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት፣ አዝለውት ይሄዳሉ። ያየ ሁሉ አንዲት መነኩሲት ለጎረቤት ውሃ ስታደርስ ነው የሚያየው። እቤት ሲደርሱ «ውሃ ቀድቼልሽ መጣሁ፤ እንስራውን ነገ እወስደዋለሁ» ብለው ይወጣሉ። ባለቤቲቱም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሃ አልቆብኝ ነበር» ትላለች። ሁለቱም እህል የሚባል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ሥራውን ተማርኩ ብዬ ሳስብ እማሆይ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩኝ፤ እዚያ ያለ አንድ ደብር ለነዳያን ድስት የሚጥድለት ሰው ጠይቆ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አያድርስ! ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል። አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ መመረቅ ይወዳሉ። ነዳያኑ ከመብላታቸው በፊት ቆመው በስማቸው እየጠሩ እንዲመርቋቸው ያዝዛሉ፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ንፍሮው ይቀዘቅዛል፣ ሰዉም ይንቀጠቀጣል። ፊት ለፊት ብቃወማቸው እንደማይሰሙኝ አውቄ አንድ ቀን፣ «አለቃ፣ በባዶ ሆድ የሚወጣ ምርቃት ከጣራ በላይ አይወጣም፤ ሲጠግቡ ቢመርቁዎት አይሻልም?» አልኳቸው። አሰቡበት። ከዚያ ወዲያ ምርቃቱ ከምግብ በኋላ ሆነ። ግማሹ ሰው በልቶ ሳይመርቅ እንደሚሄድ ዓይናቸው አላየም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ሁለት ዓመት ሠርቼ ሳለሁ የእማሆይ እግር ከዳቸው፤ ተመልሼ የአንኮበሩን ሥራ ያዝኩ። ብዙም ሳልቆይ ያ የከብት እልቂት መጣ። በሬው በየማሳው ወደቀ። ያለ በሬ ማን ያርሳል? ሰዉ በዶማ ቆፈረ፤ የበቀለችውን ጥቂት ተምች በላት። የነዳያኑ ሰልፍ ከደጀ ሰላም ወጥቶ ቁልቁለቱን ያዘ። አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ሁለት አህያ ዘንጋዳ ጭኖ ልኮልኝ «ለአላህ ብዬ ነው፤ ስሜን አታንሺ» አለ። አላነሳሁም፤ ዛሬም አላነሳም። በእንስራ የሄድኩባቸውን ቤቶችም ስም አልጠራም። የምጠራው የአንዲትን ሴት ብቻ ነው፤ እሱንም ልጇ ፈቅዳልኝ ነው።

ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ባላቸው ዘመቻ ሄዶ የቀረ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ ከወይራው ሥር ያለው ትልቁ ቤት የሳቸው ነበር። የሳቸው ተራ የደረሰ እሑድ ነዳያኑ ከሩቅ አገር ይመጡ ነበር፤ ዳቦአቸው ጋሻ ያህላል። በሬዎቻቸው አለቁ። ውሻቸው የኛን ደጅ ያዘ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጥበው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ቅዳሴ አይቀሩም ነበር።

የወይራዋ ቁራጭ የሳቸው ቋጠሮ ጋ ደረሰች።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እንስራውን ሞልቼ ሐሙስ ዕለት መሄድ ነው፤ ጋግረው እንዲመጡ፣ ለሌላው ቆርሰው ራሳቸውም እንዲቀምሱ። ግን ጎታዬ እየጎደለ፣ ደጄ ላይ ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ፣ ለአንዲት ወይዘሮ ዳቦ መጋገሪያ ገብስ መስጠት የቅንጦት መሰለኝ። ተራቸውን ዘልዬ ባሳርፋቸውስ? አልኩ። ደግ ሐሳብ መሰለኝ። አጠገቤ ተኝተው የነበሩትን እማሆይን እንኳ አልጠየቅሁም። ሙሴው፣ ማለት የሰንበቴው መሪ፣ ያረጁ ሰው ስለነበሩ ተራውን ለእኔ ትተውታል። ቁራጯን አንዱን ቋጠሮ አስዘለልኳት።

እሑድ ካህኑ ጽዋውን አነሳ። እኔም ከወይዘሮ ደስታ ቀጥላ ያለችውን ሴት ስም ጠራሁ። ወይዘሮ ደስታ ተራቸው መሆኑን ያውቁ ኖሮ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተቀመጡ። እፎይ ያሉ መሰለኝ። ይኸው ነው የኔ ነገር፤ ያን ቀን ደግ ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ቀሩ። ሰው ብልክ ልጂቱ በበሩ ስንጥቅ «እናቴ ጠበል ሄዳለች» አለች። በሁለተኛው ሳምንት በደጃቸው ሳልፍ ከጣራው ጭስ ሲወጣ አየሁ፤ ተመስገን፣ ምግብ ይሠራሉ ብዬ አለፍኩ። ድስቱ ይጠብቀኛል። አፍንጫዬን አልላክሁም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለእማሆይ ሙቅ ሳጠጣ እግረ መንገዴን ነገርኳቸው። ሙቁን ገፉት።

«ቋጠሮዋን ፈታሽው?»

«ኧረ አልፈታሁትም፤ አሳለፍኳቸው እንጂ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«ቋጠሮ የሚታለፈው ለሞተ ሰው ነው፣ የሺ። ሰው ሁሉ እየሰማ ሞታለች ብለሽ ለፈፍሽባት። ሂጂ፣ አሁን ሂጂ።»

ሮጥኩ። በሩን ልጂቱ ከፈተችልኝ። ዘነበች ትባላለች፤ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የቀረበች ነበረች። ምድጃው ላይ እርጥብ ኩበት ይጨሳል፤ ድስት የለም። ሰፈሩ ያበስላሉ እንዲል ነው። ወይዘሮ ደስታ መደቡ ላይ ነበሩ፤ ነፍሳቸው ካለፈች ግማሽ ቀን ሆኗታል፤ ልጂቱ ፊታቸውን ሸፍናቸዋለች። ትንሹን ልጅ አንስቼ ሙቅ በጣቴ እያንጠባጠብኩ ሁለት ቀን ታገልኩ፤ እሱም አመለጠኝ። ዘነበች ተረፈች።

ልጂቱ ነፍስ ስትዘራ የነገረችኝን እስክሞት አልረሳውም። ለተራቸው የሚሆን ዱቄት ነበራቸው። እናቷ የአንገታቸውን ብር ሸጠው፣ ሰንበቴው ላይ እንዳያፍሩ ገዝተው አስቀምጠውት ነበር። ተራቸው ሲታለፍ ያንኑ ዱቄት ለልጆቹ እየቆነጠሩ ሦስት ሳምንት አቆዩአቸው። ወደ ድስቱ እንሂድ ብትላቸው፣ «ጽዋ የከለከለን ደጅ ጣባ ይዘን እንቆማለን?» አሏት።

በሥራዬ ዕውር ነበርኩ፤ ሌላ ምን ይባላል። እማሆይ ዘንድ ሄጄ ጭልፋውን እግራቸው ሥር ጣልኩትና ከእንግዲህ አልነካውም አልኩ። አልተቆጡም፣ አላባበሉኝምም። «አጥፍተሻል። ነገ ግን ሰው ይሰለፋል፤ ድስቱን ማን ይጥደዋል?» አሉ። ከዚያ ደረቁን እንስራ አስወጥተው ሰጡኝ። እማሆይ ከክረምቱ በኋላ አረፉ። የሳቸውን ቋጠሮ ስፈታ እጄ እንቢ ብሎኝ ካህኑ ነው ያገዘኝ።

ዘነበችን አክስቷ ደብረ ብርሃን ወሰደቻት። ዓመታት አልፈው፣ አገሩም እህል አግኝቶ፣ አግብታ ወደ አንኮበር ተመለሰች። የእናቷን ቤት አሳደሰችና አንድ ማለዳ መጥታ «እትዬ የሺ፣ ሥራውን አስተምሩኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። እናቷን ያሳለፏቸው ሙሴው ናቸው ብላ እንደምታምን አውቃለሁ፤ እኔ ስም ጠሪ ብቻ እመስላት ነበር። ሙሴውም ሞተዋል፤ የሚያጋልጠኝ የለም። ዝም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ጭልፋ አያያዙን አስተማርኳት፤ ከኔ ፈጠነች። አመድ ማንበቡን አስተማርኳት። ጭሱን ግን ሳላስተምራት ተውኩት፤ እሷ ስለ ጭስ ከኔ በላይ ታውቃለች። እንስራው ላይ ስንደርስ ምንጭ ዳር ወረድን። እሷ እንስራውን እያረሰች ሳለ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ዘነበች፣ እናትሽን ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ። ሙሴው አያውቁም። ይህን እንስራ ማምጣት ነበረብኝ፤ አላመጣሁም።»

እንስራውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ አበሰች፣ ዳገቱን ወጣች። ሦስት ሳምንት አልመጣችም። እኔም ሦስቱን ሳምንት ቆጠርኳቸው፤ ያ ሦስት ሳምንት ምን ያህል እንደሚረዝም ገባኝ። በአራተኛው ሰኞ ድስት ስጥድ መጣች። ደህና አደሩ አላለችኝም። እንስራውን አነሳችና «የዛሬው የማን ቤት ነው?» አለች። ነገርኳት። ሞልታ፣ አርሳ፣ አዝላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ስንሠራ ኖርን። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳችውም። ይቅር ትበለኝ፣ አትበለኝ አላውቅም ነበር። ቂም ከያዘች ደግሞ ልክ ናት እል ነበር። ብዙ ጊዜ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ከእርጅናው ይልቅ ያቺ ነገር ነበረች የምታስጨንቀኝ፤ ይቅር ሳትለኝ እንዳልሞት።

ጭልፋውንና ገመዱን ለሷ ነው ያስረከብኩት። እኔም አባል ነኝ፤ የራሴ ቋጠሮ አለኝ። ሥራ ከተውኩ ወዲህ ሁለቱ ቁና ገብስ ቀርቷል፤ ጎታዬን ስዳስሰው ጥግ ጥጉ ነው የቀረው። ተራዬ መድረሱን አውቅ ስለነበር ጽዋው ከሚሰጠኝ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ አስጠርቼ፣ «ቋጠሮዬን ፍቺው፤ ያረጀ ሰው ምን ተራ አለው?» አልኳት። እንደ ቀልድ ነው የተናገርኩት። እሷም «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብላ ሄደች።

እሑድ ደጀ ሰላም ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ዘነበች ተነሣች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ተረኛዋ እትዬ የሺ ናቸው!» አለች። ተናደድኩ። በምን ልጋግር ነው? ግን ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ ጽዋውን ራሷ ከካህኑ ተቀብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች። ወይዘሮ ደስታ የቆሙበት ቦታ ከኔ ሁለት ክንድ አይርቅም።

ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ሳለች፣ ሴቱ ከምንጭ በሚመለስበት ሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ዘነበች ናት። ቁና ቁና እየተነፈሰች እንስራ ከጀርባዋ አውርዳ ጥግ አስቀመጠች።

«ውሃ ቀድቼልዎት መጣሁ፣ እትዬ። እንስራውን ነገ እወስደዋለሁ።»

ሄጄ ዳሰስኩት። ውጪው እርጥብ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ነው። ገፋ ባደርገው ውስጡ አልተንቦጫረቀም። እንስራውን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ማልቀሴን እንዳታይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እሷም እንዳላየች ሆና መጥረጊያ አንስታ ቤቱን ጠረገችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ውሃ አልቆብኝ ነበር።»

እሑድ ዳቦዬን ይዤ ደጀ ሰላም ገባሁ።